ያልተነበበ ሁሉ የጠፋ አይደለም

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሀብሩ ወረዳ ይገባል፤ መርሳን አቋርጦም ወልድያ ይደርሳል። በእነዚህ ከተሞች እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ ፎቶ ቤት የሕዝብ መዝገብ ቤት ነው። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ የጥምቀቱ በዓል፣ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶግራፍ ሳይቀር በዚያ ያልፋል። ቀድሞ ይህ ሁሉ በኔጋቲቭ ፊልም ላይ ሰፍሮ በፖስታና በካርቶን ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ኔጋቲቩ ቦታውን ለቆ፣ ባለሙያዎች በተለምዶ «ኤክስተርናል» በሚሉት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ተተክቶአል።

የኔጋቲቭና የዲስክ ልዩነት በመጠን ብቻ አይደለም። ኔጋቲቭን በመስኮት ብርሃን ላይ ያነሣ ሰው፣ ምንም መሣሪያ ባይኖረው፣ የማን ፊት እንደ ሆነ ሊለይ ይችላል። ዲስክን ግን ለብርሃን ቢያነሡት የሚታይ ነገር የለም። በዲስኩና በሰው ዓይን መካከል የሚቆም አንድ አንባቢ ያስፈልጋል፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ነው። አንባቢው የዲስኩን ቋንቋ የማያውቅ በሆነ ጊዜ ምን ይደረጋል? የዛሬው ንግግር በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኮረ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ምሳሌው የአንድን የታወቀ ሰው ታሪክ የሚነግር ሳይሆን፣ በሙያው ያሉ ሁሉ የሚያውቁትን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። አንዲት እናት ወደ መርሳ ወርደው ከአንድ ፎቶ ቤት ይገባሉ እንበል። በእጃቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ ይዘዋል። ልጃቸው ከውጭ አገር በመጣ ጊዜ የቤተ ዘመዱን ፎቶግራፎች ሁሉ ሰብስቦ፣ በራሱ ኮምፒዩተር አማካይነት በዚህ ዲስክ ላይ አስቀምጦላቸው ሄዶአል። አሁን ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ለለቅሶው ቤት የሚሆን ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። «እባክህ ልጄ፣ የእሳቸውን መልክ አውጣልኝ» ይላሉ።

ባለ ፎቶ ቤቱ «እሺ እማማ» ብሎ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል። በመስኮቱ ላይ የሚወጣው ግን ፎቶግራፍ አይደለም። በዲስኩ ለመጠቀም በመጀመሪያ ፎርማት ማድረግ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከሥሩም የመስማሚያና የመሰረዣ ቁልፍ ቀርቦአል። የአንድ ቤተ ሰብ መታሰቢያ በዚያች ቅጽበት በአንድ ጣት ሥር ይወድቃል። ከኋላ ሌሎች ደንበኞች ይጠባበቃሉ፤ ማስታወቂያውም እንደ ምክር የቀረበ ይመስላል። እሺ ብሎ መጫን የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ማስታወቂያው የተናገረው ስለ ዲስኩ ሳይሆን ስለ ኮምፒዩተሩ ነው። ዲስኩ ባዶ ነው አላለም፤ ተበላሽቶአልም አላለም። ማንበብ አልቻልሁም ማለቱ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ፎርማት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስክ ላይ የአቀማመጥ መዝገብ መዘርጋት ማለት ነው። መዝገቡ የትኛው ፋይል በየትኛው ስፍራ እንደ ተቀመጠ ይናገራል። ታዲያ የመዝገቡ አጻጻፍ በየፋብሪካው የተለየ ነው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የታወቀውን ኤን ቲ ኤፍ ኤስን ሲጠቀም፣ የአፕል ኮምፒዩተሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ኤች ኤፍ ኤስ ፕላስን፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ኤ ፒ ኤፍ ኤስን ይጠቀማሉ። የአፕል ማሽን የዊንዶውስን መዝገብ ያነብባል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተሰጠው አይጽፍበትም። ዊንዶውስ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት የአፕልን መዝገብ ከናካቴው አያነብብም። ስለዚህ የእኒያ እናት ዲስክ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከማያውቀው አንባቢ ፊት ስለ ቀረበ ብቻ እንደ ባዶ ተቈጠረ።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው የመጀመሪያው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። የመሰረዣውን ቁልፍ መጫን፣ ዲስኩን በሥርዓት መንቀል፣ ከዚያም ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጃቸው የሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ምን ዓይነት ነበር? ዲስኩ ቀድሞ የተከፈተው በየትኛው ማሽን ነው? መልሱ አፕል ከሆነ፣ አንድ የአፕል ኮምፒዩተር መፈለግ ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል። በወልድያ ወይም በመርሳ ካልተገኘ ደሴ ወይም አዲስ አበባ መላክ፣ አለዚያም ዊንዶውስ የአፕልን ዲስክ እንዲያነብብ የሚያደርግ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ከፍላሽ ላይ የሚነሣ የሊኑክስ ሥርዓትም ኤች ኤፍ ኤስ ፕላስን ያነብባል። አንድ ቀን መዘግየት ጉዳት የለውም፤ አንድ ቁልፍ ያለ ቦታው መጫን ግን አለው።

ቁልፉ ተጭኖ ከሆነስ? በዚህም ጊዜ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ፈጣን የሚባለው ፎርማት አዲስ መዝገብ ይዘረጋል እንጂ የፎቶግራፎቹን አካል አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው አያነሣም። ሙሉ የሚባለው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ኤስ ኤስ ዲ በሚባሉት አዳዲስ ዲስኮች ላይ ደግሞ ፈጣኑም ፎርማት አደገኛ ነው፤ ዲስኩ የተሰረዘውን ስፍራ ራሱ ወዲያው ሊያጸዳው ይችላልና።

ከስሕተቱ በኋላ የሚከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ በዲስኩ ላይ አንድም ፋይል አይጻፍ፤ የማዳኛው ፕሮግራም እንኳ በሌላ ዲስክ ላይ ይጫን። ሁለተኛ፣ ከዲስኩ የማያንስ ሌላ ዲስክ ተገኝቶ የመላው ዲስክ ግልባጭ ይወሰድ። ለዚህም ዲዲሬስኪው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያገለግላል፤ የተጎዳውን ስፍራ እያለፈ መጀመሪያ ደኅናውን ይገለብጣል። ሦስተኛ፣ የማዳኑ ሥራ በግልባጩ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይካሄድ። አራተኛ፣ ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ወዲያው ኃይሉ ይቋረጥ፤ ጉዳዩ ከፎርማት አልፎ የአካል ብልሽት ሆኖአልና።

መዝገቡ የጠፋበትን ፎቶግራፍ ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው ፎቶግራፉ በራሱ ላይ ምልክት ስላለው ነው። ጄፔግ የሚባለው የፎቶግራፍ ፋይል ሁሉ 255፣ 216፣ 255 በሚሉ ቁጥሮች ይጀምራል፤ በ255ና በ217 ይዘጋል። ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም መዝገቡን ትቶ ዲስኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየዳሰሰ፣ ይህን የመሰለውን ምልክት ባገኘበት ሁሉ ፋይሉን ያወጣል። ነገር ግን የፋይሉ ስምና የነበረበት አቃፊ አብሮ አይመለስም፤ እነርሱ በመዝገቡ ላይ ነበሩና። በዲስኩ ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ ፎቶግራፍም ከግማሽ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

የአፕል ፎቶግራፍ ክምችት ሌላም ጠባይ አለው። በአፕል ማሽን ላይ አንድ ፋይል መስሎ የሚታየው ክምችት በእውነቱ ብዙ አቃፊዎችን የያዘ ጥቅል ነው። በዊንዶውስ ሲከፈት ረጃጅም የቁጥርና የፊደል ስም ያላቸው ፋይሎች ይታያሉ፤ የአልበሞቹ ስም ግን አይገኝም። ስለዚህ አፕል ማሽን ሲገኝ ጥቅሉን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ፎቶግራፎቹን ከነአልበማቸው አውጥቶ በየአቃፊው ማስቀመጥ ይሻላል። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ በአይፎን የተነሡትም ብዙዎቹ ሄይክ በሚባል ዓይነት ስለሚቀመጡ፣ በሁሉም ማሽን እንዲታዩ የጄፔግ ግልባጭ ቢጨመርላቸው መልካም ነው፤ ዋናው ግን አይጣል።

ፎቶግራፉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሥራ የማሽን ሳይሆን የሰው ነው። ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን የተነገረውን ነው። በአገራችን አንዳንዱ ካሜራውን በፈረንጅ አቈጣጠር፣ አንዳንዱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያስተካክላል። ጥር 11 ቀን 2005 ዓ.ም. የዋለው ጥምቀት እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 19 ቀን 2013 ነበር። ካሜራው በእኛ ዓመት ተስተካክሎ ከነበረ ፕሮግራሙ ያንን ጥምቀት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ፣ ገና ካልተወለዱ ልጆች ዘመን ጋር ያስቀምጠዋል። በሰዓቱም እንዲሁ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን የሚያርመው በዕለቱ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህ ማነው? ይህስ መቼ ነበር?» ብሎ መጻፍ የማዳኑ ሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ይህ ጉዳይ ለሰሜን ወሎ የትርፍ ጊዜ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢውን በሸፈነ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዶአል፤ ብዙ ንብረትም ተዘርፎአል። ከቤት ተጣድፎ የሚወጣ ሰው የግድግዳ ፎቶግራፍና ከባድ አልበም አይሸከምም፤ ዲስክ ግን በኪስ ይገባል። ከእንዲህ ያለው ጊዜ የተረፈ ዲስክ የብዙ ቅጂ አንዱ ሳይሆን ብቸኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ወደ ፎቶ ቤት ሲመጣም እንደ ተራ ዕቃ ሊታይ አይገባውም።

የባለሙያው ኀላፊነት ከቴክኒክ በላይ ነው። ዲስኩን የሰጠ ሰው ለአንድ ፎቶግራፍ ብሎ የቤቱን ገመና ሁሉ አስረክቦአል። ስለዚህ ከተጠየቀው በላይ አለማየት፣ ሥራው ሲያልቅ በፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር የቀረውን ግልባጭ ባለቤቱ ባለበት መሰረዝ፣ ሊመለስ ያልቻለውንም በግልጽ መናገር ይገባል። ማዳን ሳይቻል «ይወጣል» ብሎ ተስፋ መስጠት ከስሕተቱ የከፋ ነው።

ከመርሳ ወደ ደቡብ በዚያው ጎዳና ሲኬድ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በዚያ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በመባል የታወቀው የብራና መጽሐፍ ለገዳሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ሲሆን፣ መጽሐፉን ማን እንደ ሰጠው በራሱ በብራናው ላይ ተጽፎአል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ይህንኑ ወንጌል በፊልም አንሥቶ ሌላ ቅጂ እንዲኖረው አድርጎአል። ብራናው ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው የተጠነከረ ቆዳ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በላዩ ስለ ተጻፈ፣ የሚያነብበውም ትውልድ ስላልተቋረጠ ጭምር ነው።

ዲስክም ይህንኑ ይፈልጋል። በጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም የማን እንደ ሆነ፣ በምን ማሽንና በስንት ዓመተ ምሕረት ፎርማት እንደ ተደረገ ይጻፍ። በዊንዶውስም በአፕልም የሚያልፍ ዲስክ ኤክስፋት በሚባለው፣ ሁለቱም በሚያነብቡትና በሚጽፉበት ፎርማት ይዘጋጅ። ነገር ግን ኤክስፋት መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይም ዲስኩ ያለ ሥርዓት ሲነቀል ለጉዳት ይጋለጣልና፣ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ብቸኛ ማስቀመጫ አይሁን። ከሁሉም በላይ አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሌላው በዘመድ ቤት፣ የተወደዱት ጥቂቶቹም በወረቀት ታትመው ይቀመጡ። ማኅበራችንም በየወረዳው ላሉ ፎቶ ቤቶች በግድግዳ የሚለጠፍ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅቶ ቢያድል፣ ብዙ ዲስክ ከጥፋት ይድናል።

ባለ ፎቶ ቤቱ የመሰረዣውን ቁልፍ መጫኑን እናስብ። ዲስኩን መልሶ በመሐረቡ ጠቅልሎ «እማማ፣ ፎቶግራፉ አልጠፋም፤ ይህ ማሽን ስላላወቀው ነው። ልጅዎ ዘንድ ይደውሉልኝና ልጠይቀው» ይላል። እናትየው በዚያ ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ የባለቤታቸው መልክ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። የሙያው ትልቁ ክፍል ይህች መታገሥ ናት።