የነሐሴ መንገድ
(ስለ ኢጣሊያ አውራጃዎች ምግብ፣ ስለ ወቅቱና ስለ ቤተሰብ ጉዞ የተደረገ ንግግር)



በኢትዮጵያ ከተሞች «የጣሊያን ምግብ» ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ፓስታ በሱጎ፣ መኮሮኒና ላዛኛ ነው። ስሞቹም ከነምግቦቹ ገብተው የአማርኛ ንብረት ከሆኑ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ኢጣሊያ በማዕድ ረገድ አንድ አገር ሆና አታውቅም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። መንግሥቱ አንድ የሆነው በ1861 ነው (በዚህ ንግግር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው)። ፔሌግሪኖ አርቱዚ የአዲሱን መንግሥት የቤት ምግብ በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ ያሳተመው ከዚያ 30 ዓመት ዘግይቶ በ1891 ነው። እርሱም የሮማኛ ተወላጅና የፍሎረንስ ነዋሪ ስለ ነበረ መጽሐፉ ለእነዚያ ሁለት አውራጃዎች ያደላል፤ የደቡቡ ማዕድ በውስጡ ያገኘው ቦታ ጠባብ ነው።

በሰሜን፣ በፖ ወንዝ ሸለቆ፣ ቅቤና ሩዝ፣ እንዲሁም ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ሲበሉ፣ በደቡብ የወይራ ዘይትና ከጠንካራ ስንዴ ተሠርቶ የደረቀ ፓስታ ይበላሉ። ይህን ልዩነት አስጎብኚዎች እንደ ጌጥ ይናገሩታል። ከበስተኋላው ግን ችግር እንደ ነበረበት መዘንጋት አይገባም፤ ከፖሌንታ በቀር ሌላ ያልነበረው የሰሜን ጭሰኛ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ፔላግራ በተባለው በሽታ ይሠቃይ ነበር።

ከአውራጃው ቀጥሎ የሚገዛው ወቅቱ ነው። የሮም ሰው ሜይ 1 ቀን ከከተማ ወጥቶ በመስክ ላይ እሸት ባቄላ ከበግ ወተት በተሠራ ፔኮሪኖ አይብ ይበላል። የቶስካና ጥቁር ጎመን ውርጭ ካልመታው በቀር ጣዕሙ አይለሰልስም። የአልባ ነጭ ትሩፍል በመከር ካልሆነ አይገኝም።

አንዳንዱ የአውራጃ ምግብ ደግሞ ራሱ የመንገድ ልጅ ነው። ፒዬሞንቴ ባሕር የሌለው ምድር ሲሆን፣ በመከርና በክረምት የሚኮራበት ባኛ ካውዳ ከምን ይሠራል ቢባል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና አንቾቪ የምትባል በጨው የታሸች ትንሽ የባሕር ዓሣ ናቸው። ዓሣዋና ዘይቱ ከሊጉሪያ ጠረፍ ተራራ እየተሻገሩ የመጡ ናቸው። ማሰሮው በእሳት ላይ እንደ ሞቀ በመካከል ይቀመጥና ቤተሰቡ በዙሪያው ሆኖ አትክልቱን እያጠቀሰ ይበላል። በአንድ ገበታ መብላት ለለመደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደዚሁ ፒዬሞንቴ፣ ይልቁንም ወደ ቱሪን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የደቡብ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ጎረፉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ ሰሜን የተጓዙት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት በገመድ የታሰረ የካርቶን ሻንጣ ይዘው ነው። በአንዳንድ ቤቶች ደጃፍም ለደቡብ ሰዎች እንደማይከራይ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎ ይጠብቃቸው ነበር። ከሻንጣው ውስጥ የሚወጣው ምግብ ሽታ እንኳ መሣለቂያ ይሆን ነበር። ዛሬ ያው ምግብ የሰሜን ከተሞች ምግብ ቤቶች የሚመኩበት ሆኗል፤ ታሪክ እንዲህ ያለ ፌዝ አያጣም።

ፋብሪካዎቹ ግን በኦገስት ወር ይዘጉ ነበር። የወሩ 15ኛ ቀን፣ ይኸውም ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚባለው የዕረፍት በዓል ነው፤ በካቶሊካውያን ዘንድም የድንግል ማርያም ዕርገት ይከበርበታል። ሠራተኛው ያን ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። በፊት መጓጓዣው ባቡር ነበር፤ በኋላ በ1955 ፊያት 600 ወጣ፤ ይህችም የአዲስ አበባ ሰው «ሴይቼንቶ» እያለ በታክሲነት ያወቃት መኪና ናት። በ1964 ደግሞ ሚላኖን ከናፖሊ የሚያገናኘው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አውራ ጎዳና እስከ ፍጻሜው ተከፈተ። በአንዲት ትንሽ መኪና አባት፣ እናት፣ ልጆችና ጓዝ ተጨናንቀው ይወርዱ ነበር።

የሚወርዱት ለዕረፍት ብቻ አይደለም። በቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ባለው ሜዳ ሳን ማርዛኖ የሚባለው ረዘም ያለ ቲማቲም የሚበስለው በዚያን ሰሞን ነው። የዓመቱ ፓሳታ መዘጋጀት አለበት። ፓሳታ በቆርቆሮ እንደሚሸጠው ድልህ የጠጠረ አይደለም፤ ቆዳውና ፍሬው የተለየለት ቀጠን ያለ የቲማቲም ፍትፍት ነው። ቤተሰቡ ሳይነጋ በግቢ ይሰበሰባል። ልጆች ያጥባሉ፤ ሴቶች የተበላሸውን እየለዩ ይቆርጣሉ፤ ከተቀቀለ በኋላ አንዱ ጐረምሳ የማጥለያውን መኪና እጀታ ያዞራል። ዓመቱን ሙሉ በተጠራቀመው የቢራ ጠርሙስ ሁሉ አንዳንድ የበሶብላ ቅጠል ይገባና ፓሳታው ይሞላል፤ ይከደናል። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይሰበሩ በጨርቅ ተጠቅልለው በበርሜል ይደረደራሉ፤ ውሃ ይሞላባቸውና በእንጨት እሳት ይቀቀላሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማንም አይነካቸውም፤ በውሃው ውስጥ እንዳሉ ቀስ ብለው ካልቀዘቀዙ ይፈነዳሉ፤ ክዳኑም በደንብ አይጠብቅም።

በሙያው ላሉ ሰዎች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የፓሳታው አሠራር በጽሑፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ ምግብ ቤትም ሊያስጠናው ይችላል። ቀኑን ግን ቲማቲሙ ይቈርጣል፤ ሰውም በዚያ ቀን መገኘት አለበት። በቱሪን የተወለደው ልጅ የአያቱን ቋንቋ ባይናገር እንኳ ያን እጀታ አዙሯል። የልጁ ልጅ በነሐሴ ሌላ ባሕር ዳር መዝናናትን ከመረጠና ፓሳታውን በማንኛውም ወር ከሱቅ ከገዛ፣ በምግብ ዝርዝር ላይ የሚቀረው «የካምፓኒያ ሱጎ» የሚል ስም ነው። ለዚህ እርሱን መውቀስ አይገባም፤ አያቶቹ በዚያ ቀን የተገኙት ከሌላ ቦታ ርካሽ ምግብ ስለማያገኙ ጭምር ነው።

በማግስቱ ጠዋት የበርሜሉ ውሃ በርዶ ይገኛል። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ወጥተው ይጠረጋሉ፤ ይቈጠራሉ፤ ለየቤቱም ይከፈላሉ፤ መንደር ለሚቀሩት ይኸን ያህል፣ ለሚላኖዎቹ ይኸን ያህል፣ ብዙ ልጅ ላላቸው ለቱሪኖቹ ትንሽ ጨመር ተደርጎ። የመኪናው የኋላ ወንበር ሥር መጀመሪያ ይሞላል፤ ልጆቹም እስከ ሰሜን ድረስ እግራቸውን አጥፈው ይሄዳሉ።