በሕዝብ ድልድይ ላይ የግል ኩባንያ ሲያስከፍል



እዚህ ቨርጂኒያ ከዳለስ ኤርፖርት ወደ ሊስበርግ በግሪንዌይ አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ሁሉ የመንገድ ክፍያ (ቶል) የምትከፍሉት ለግል ኩባንያ መሆኑን ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለው ክፍያ በፍርድ ቤት ሊሞገት እንደሚችል ግን ብዙዎቻችን አናስብም። ይሞገታል፤ ሕዝብ የረታበትም የተረታበትም ጊዜ አለ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

ሕዝብ የረታው ሕንድ ውስጥ ነው። ዴሊንና ኖይዳን የሚያገናኝ፣ በያሙና ወንዝ ላይ የሚያልፍ 9.2 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። የኖይዳ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር ውሉን በ1997 ተፈራረመ፤ መንገዱ በ2001 ተከፈተ። ውሉ ኩባንያው ያወጣውን ገንዘብ በየዓመቱ ከ20 በመቶ ትርፍ ጋር እንዲያገኝ ይፈቅድለት ነበር። ትርፉ ከጎደለ የጎደለው በወጪው ላይ ይደመር ነበር፤ ተደምሮ ደግሞ እርሱም 20 በመቶ ይታሰብበት ነበር። ወጪው እስኪመለስ ድረስም የውሉ ዘመን ይራዘም ነበር። ስለዚህ መኪናው እየከፈለ ቢያልፍም ዕዳው በመቀነስ ፈንታ ያድግ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ስሌት ቶሉ መቼም አያልቅም።

የኖይዳ ነዋሪዎች ማኅበራት ተባብረው በ2012 ከሰሱ። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2016 ክፍያውን አስቆመ። ኩባንያው ይግባኝ ቢልም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2024 ውድቅ አደረገበት። ምክንያቶቹን ልብ በሉልኝ፦ የኖይዳ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ቶል የመጣል ሥልጣኑን ለኩባንያ አሳልፎ መስጠት አይችልም ነበር፤ ኩባንያው የተመረጠው ያለ ግልጽ ጨረታ ነው፤ የውሉ ስሌት ምንም ቢል፣ ወጪውንም ከነበቂ ትርፉ ሰብስቦ ጨርሷል።

እዚሁ ቨርጂኒያ ግን ፍርዱ ሌላ ሆነ። ኖርፎክንና ፖርትስማውዝን ለሚያገናኙት የወንዝ ሥር ዋሻዎች ግዛቲቱ ከግል ኩባንያ ጋር የ58 ዓመት ውል ገባች። ነዋሪዎች «ቶሉ ግብር ነው፤ ምክር ቤቱ ግብር የመጣል ሥልጣኑን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም» ብለው ከሰሱ። በ2013 የፖርትስማውዝ ዳኛ ተስማማላቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ቶል ተጠቃሚው ለሚያገኘው አገልግሎት የሚከፍለው ዋጋ እንጂ ግብር አይደለም አለ። ይህ አባባል እኔን አያሳምነኝም። እንጀራው ከወንዙ ማዶ የሆነ ሰው ልሻገር ወይስ ልቅር ብሎ አይመርጥም።

ለኩባንያ የተሰጠ መብት እንዴት እንደሚተረጎም የሚያሳይ አንድ የቆየ ፍርድም አለ። የቦስተኑ የቻርልስ ወንዝ ድልድይ ኩባንያ አጠገቡ ሌላ ድልድይ መሠራቱን ተቃውሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1837 ተረታ። በፈቃዱ ላይ በግልጽ ያልተጻፈ መብት ለኩባንያው እንደተሰጠ አይቆጠርም ተባለ።

እንግዲህ በክርክሩ ማሸነፍም ሆነ መሸነፍ የሚወሰነው «ቶሉ በዛ» በሚል ብሶት ብቻ አይደለም፤ ሥልጣኑን ማን ሰጠ፣ ውሉ ምን ይላል በሚለው ነው። የኖይዳ ነዋሪዎችም ፍርድ ቤት የሄዱት ተደራጅተው ነው። ብቻውን ተናዶ «አልከፍልም» ያለ ሰው ቅጣቱ ይደራረብበታል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪናው ምዝገባ እድሳትም ሊከለከል ይችላል።

ግሪንዌይ ዋጋ ለመጨመር የግዛቲቱን የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ኮሚሽኑም የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። የሚቀጥለው የጭማሪ ጥያቄ ሲቀርብ አስተያየታችንን በጋራ በጽሑፍ እናስገባ፤ በተለይ በዚያ መንገድ ታክሲ የምትነዱ፣ በወር ስንት እንደምትከፍሉ ከአሁኑ መዝግባችሁ ያዙ።