የጠላቂ ዋናተኛ ሚዛን



 የመረጥነው አርእስት ሰው ከውኃ በታች ሚዛኑን ጠብቆ የሚዋኝበት ዘዴ ነው።

አህያ የሚጭን ገበሬ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሩቅ እንደማያስኬድ ስለሚያውቅ አስቀድሞ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል። የጠላቂም ነገር እንደዚሁ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳዮች በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጠላቂ በጀርባው ከተሸከመው የታመቀ አየር እንደ ፍላጎቱ የሚስብበትን መሣሪያ ሠሩ። ነገር ግን የሚሸከመው ሁሉ በቦታው ካልዋለ መሣሪያው ብቻውን አይበቃውም።

አርኪሜዴስ እንዳስተማረን፣ ውኃ ውስጥ የገባ አካል ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ከነዕቃው 100 ሊትር ቦታ የሚይዝ ጠላቂ በሐይቅ ውስጥ በ100 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋል፤ 1 ሊትሩ 1.025 ኪሎ በሚመዝነው የባሕር ውኃ ግን በ102.5 ኪሎ። ስለዚህ ከሐይቅ ወደ ባሕር ሲሄድ 2.5 ኪሎ ያህል እርሳስ መጨመር አለበት።

ልኩ ብቻ አይበቃም፤ ቦታውም ይታያል። ክብደት አካልን ወደ ታች የሚስብበት ነጥብና ውኃ ወደ ላይ የሚገፋበት ነጥብ በአንድ ቀጥታ መሥመር ላይ ካልዋሉ፣ እስኪገናኙ ድረስ አካሉ ይዞራል። ሳንባ ደረትን ያነሣል፤ በወገብ የታሰረ እርሳስ ግን እግርን ያወርዳል። መድኃኒቱ ከእርሳሱ ከፍሎ ወደ ትከሻ አቅጣጫ ማዛወር፣ ወይም የአየሩን ጠርሙስ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጠላቂዎች ክንፍ ብለው የሚጠሩት የአየር ከረጢት ይመጣል። 11 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። አየሩ እየተተነፈሰ ስለሚያልቅ፣ ጠላቂው በመጨረሻ እንዳይንሳፈፍ ይህን ያህል ትርፍ ክብደት ይዞ ይጀምራል፤ ትርፉንም በክንፉ አየር ያቃልለዋል። የፈረስ ጫማ በሚመስለው ክንፍ፣ አየር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው በትከሻ በኩል ብቻ ነው፤ ቀለበት በሚመስለው ግን በታችም ያልፋል። ክንፉ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነ አየሩ ከፍ ወዳለው ወገን እየሸሸ ጠላቂውን ያጋድለዋል።

ይህን ሁሉ መድከም ለምን ያስፈልጋል? እግሩ የወረደ ጠላቂ ውኃውን በሰፊ ደረት ስለሚገፋ ቶሎ ይደክማል፤ አየሩንም ቶሎ ይጨርሳል። በእግሩ የሚነካው የባሕር ኮራል ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀ ነው። በዋሻ ወይም በሰመጠ መርከብ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ደለሉን አስነሥቶ መውጫው እንዳይታየው ያደርጋል፤ ይኸውም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ጓደኞቻችን ይህን ቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ክዳኑ በደንብ በተዘጋ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ላይ ምስማሮች አስረው በባልዲ ውኃ ውስጥ ቢያኖሩት አንገቱ ይዘቀዝቃል፤ እነዚያኑ ምስማሮች ወደ ወገቡ ቢያዛውሩ ይጋደማል። የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ክብደት ሳይኖር ለውጡን ያመጣው ቦታው ብቻ ነው።