የጀልባዋ ውሃ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ እራት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሕክምና እንዳታወሪ፤ ሌላው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቧንቧ ነው። ዩሮሎጂስቶች አትሳቁ፤ የእውነት ቧንቧ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ቼሳፒክ የሚባል ትልቅ የባሕር ወሽመጥ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ርዝመቷ ስምንት ሜትር ተኩል የሆነ፣ በዕድሜ እኛን የምታህል ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። ጀልባ ሲባል ሀብታም የሆንን እንዳይመስላችሁ፤ ዋጋዋ ከአንድ አሮጌ ቶዮታ አይበልጥም። ወጪው የሚመጣው በኋላ ነው።

ጀልባዋ 80 ሊትር የሚይዝ የመጠጥ ውሃ ታንከር፣ አንዲት ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ፣ ከሥሯም የእግር ፓምፕ ነበራት። ሲረገጥ ውሃ ይመጣል፣ እግር ሲነሣ ይቆማል። ዙሪያችን ያለው ውሃ ጨው ስላለበት አይጠጣም። ሄደን እስክንመለስ ያለን ውሃ እሱ 80 ሊትር ብቻ ነው። በእግር እየረገጥን ለአራት ሰው ቅዳሜና እሑድን አድርሶን ይተርፍ ነበር።

እኔ ግን ያ ፔዳል አስጠላኝ። መጀመሪያ የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ ውሃ በአህያ፣ በጀሪካን ነበር የሚመጣው፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንዷ በጣሳ እያፈሰሰችልኝ ነበር እጄን የምታጠብ። አሜሪካ ድረስ መጥቼ ውሃ በእግር ልርገጥ? አልኩና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገዛሁ። ባለቤቴ ሰው እናስጠራ ቢልም ራሴ እገጥመዋለሁ ብዬ ተከራከርኩ።

ፊዚዮሎጂ ያስተማሩን መምህር እዚህ ስላሉ፣ ዕቃውን ስፈታው ትዝ ያሉኝ እሳቸው እንደሆኑ ልንገራቸው። ፓምፑ በ12 ቮልት የሚሠራ ልብ ነው። የሚለጠጥ የጎማ ክፍል አለው፣ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልሱ ቫልቮችም አሉት። ራሱ ላይ ያለው የግፊት ማብሪያ ባሮሪሴፕተር ነው በሉት፤ ቧንቧው ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፣ ማብሪያው ይሰማዋል፣ ፓምፑ ይነሣል። የእኔው 40 ፒኤስአይ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ 25 ሲወርድ ይነሣል። በዚህ ብቻ ከተተወ ግን ቧንቧውን ትንሽ ብቻ ስትከፍቱ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ እያለ ይነሣል፣ ይቆማል፤ ሰው አያስተኛም። መድኃኒቱ አኩሙሌተር የሚባል ትንሽ ጠርሙስ መሰል ነገር ነው። ውስጡ በጎማ የተለየ አየር አለ። ፓምፑ ሲሠራ አየሩ ይታመቃል፣ ሲያርፍ የታመቀው አየር ውሃውን ይገፋል። አኦርታ በዲያስቶሌ ጊዜ የሚሠራውን ማለት ነው። የአየሩ ግፊት ፓምፑ ከሚነሣበት ጥቂት ዝቅ ተደርጎ ይሞላል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ በየደቂቃው ብቻውን ይነሣ ጀመር። ፈትቼ ሳየው፣ ታንከሩን ስበሳ የፈለፈልኩት የፕላስቲክ ፍርፋሪ ቫልቩ ሥር ተሰንቅሯል፤ ውሃው ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሪገርጂቴሽን! ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ መኖር እንዳለበት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እኔ ለነገ ብዬ ነበር። ታንከሩን ደግሞ ሽታ በሌለው በረኪና አከምኩት። 5 ከመቶ የሆነውን 80 ሚሊ ሊትር ለ80 ሊትር ውሃ፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ሌሊቱን አድሮ፣ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ታጠበ።

እንዲህ ሆኖ ሐምሌ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ሰባዎቹ ውስጥ ናት፤ ለደም ግፊቷ ውሃ የሚያሸና ክኒን ትወስዳለች። ቧንቧውን ከፍቼ ሳሳያት «ጎሽ የኔ ልጅ» አለችና «ስንት ቀረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ድሮ በእግሬ ስረግጥ ይታወቀኝ ነበር። መልስ ሳልሰጣት ወደብ ላይ አንድ ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አገኘችና አጥባ፣ ሞልታ አጠገቧ አስቀመጠች። ጎረቤት ጀልባ ያሉት ፈረንጆች ሲያዩን አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ።

የዚያን ዕለት ሌሊት መልሕቅ ጥለን ተኝተን ሳለ አንድ የጎማ ቱቦ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ክላምፑን በደንብ ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ። ግፊት ስላጣ ፓምፑ ተነሣ፤ በደቂቃ አሥር ሊትር የሚያወጣ ነው፣ ስምንት ደቂቃ በቃው። ባለቤቴ ድምፁን ሰምቶ ልጆቹ እየታጠቡ ነው ብሎ ተገላበጠ። ውሃው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም እዚያ ያለው ሌላኛው፣ የገባ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ጣለው። ሁለቱ ተጋግዘው ውሃችንን ለባሕሩ አስረከቡት።

ጠዋት ነፋስ የለም፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ። በትንሿ ሞተር ወደቡ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። እናቴ ክኒኗን ውጣለች። ረፋዱ ላይ ብድግ ስትል ዞረባት፤ ይዣት አስቀመጥኳት። ቆማ የለካሁት የልብ ምቷ ከተቀመጠችበት በጣም ይፈጥናል። ሐኪም ሆኜ ምን እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ፤ ውሃና ትንሽ ጨው። ያለን ውሃ ደግሞ ያፈርኩበት ጀሪካን ነው። እስክንደርስ ለአምስታችን በኩባያ እየለካች የሰጠችን እሷ ናት፤ ልትቀዳ የተነሣ ሁሉ «ቆይ» ይባላል።

ፓምፑን አላወጣሁትም። የእግሩን ግን መለስኩት፤ ሁለቱም ከታንከሩ ይቀዳሉ፣ የመጠጥና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ በእግር ነው፣ ለመታጠቢያ በኤሌክትሪክ። ማጥፊያው ከነቀይ መብራቱ ዓይናችን ሥር ተተክሏል፣ ስንተኛ ይጠፋል። እያንዳንዱ መጋጠሚያም አሁን ባለ ሁለት ክላምፕ ነው። ጀሪካኑም በቋሚነት ተመድቦለታል። እናቴ አርብ አርብ ስትደውል፣ ከልጆቹ ደኅንነት ቀድማ «ሞላችሁት?» ነው የምትለው።

እራቱ የቀረበ መሰለኝ። ስለ ክላምፕ ጥያቄ ያለው ጠረጴዛ ሦስት ላይ ያገኘኛል።