እንግዳው የቆመበት ስፍራ፦ አድልዎና እኩልነት በጃማይካ



በጃማይካ ጥቂት ዓመታት የኖረ የውጭ ዜጋ ስለ አገሪቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ፣ «እዚያ የዘር አድልዎ የለም፤ ያለው የሀብት ልዩነት ብቻ ነው» ይላል። እኔም በኪንግስተን ባስተማርኩባቸው ሁለት ዓመታት ይህን አባባል ከአውሮፓውያንም ከአፍሪካውያንም ባልደረቦች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዛሬ ልመረምረው የምሻው ይህንኑ ምስክርነት ነው።

ምስክርነቱ ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻ ስትወጣ የመረጠችው መሪ ቃል «ከብዙዎች አንድ ሕዝብ» የሚል ነው። ከሕዝቧ እጅግ የሚበዛው አፍሪካዊ ዝርያ ያለው ነው፤ ሰውን በቀለም የሚለይ ሕግም የላትም። ይሁን እንጂ ባርነት በ1838 ፈጽሞ ሲቀር መሬቱ በአብዛኛው በቀድሞ ባለቤቶቹ እጅ ቀረ። ከላይ ነጩ ባለርስት፣ በመካከል ክልሱ፣ ከታች ጥቁሩ የቆሙበት እርከን ያለ ሕግ ድጋፍ ዘለቀ። ዛሬም የቆዳ ቅላት፣ የጸጉር ዓይነት፣ የአነጋገር ዘዬና የመኖሪያ ሠፈር የሰውን ደረጃ ይናገራሉ። ከድሆች ሠፈር የመጣ ሥራ ፈላጊ በማመልከቻው ላይ የዘመድ አድራሻ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ሀብት ብቻ ነው» የሚለው አባባል ሀብቱ ራሱ በቀለም የተከፋፈለበትን ታሪክ ይዘለዋል።

እንግዳው ይህን የማያየው ከእርከኑ ውጭ ስለቆመ ነው። የውጭ አገር ፓስፖርቱና አነጋገሩ ከመመዘን ያድኑታል። ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይከበራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 1966 እ.ኤ.አ. ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸውን ሕዝብ የሚያስታውሱ አረጋውያን ለእኔም በአገሬ ስም በራቸውን ከፍተውልኛል። ያንኑ ስም በጸሎቱ የሚጠራው ራስተፈሪያን ግን በገዛ አገሩ ተሳዷል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሞንቴጎ ቤይ አቅራቢያ፣ በኮራል ጋርደንስ፣ ሰዎች ከሞቱበት ግጭት በኋላ የጸጥታ ኃይሎች በግጭቱ ያልነበሩ ራስተፈሪያንን ጭምር እያደኑ ደበደቡ፣ አሰሩ፣ ጸጉራቸውን ላጩ። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከ54 ዓመታት በኋላ፣ በ2017 ነው።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት በሻሸመኔ ለሚኖሩ ራስተፈሪያን መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከእነርሱ መካከል ለአሥርተ ዓመታት የኖሩና እዚሁ የተወለዱ፣ ሆኖም ሕጋዊ ሰነድ ያልነበራቸው ብዙዎች ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያን የጎበኘ እንግዳ ስለ መስተንግዷችን ቢጠየቅ ያለ ጥርጥር ያመሰግነን ነበር። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ስለ ሻሸመኔው ልጅ ግን የሚነግረን ነገር የለም።

በሰው አገር ጥናት ለማካሄድ ለምትዘጋጁ ተማሪዎቼ የማሳስበው ይህን ነው፤ ያያችሁትን ከመጻፋችሁ በፊት ማን እንደተቀበላችሁና ለምን እንደተቀበላችሁ ጻፉ። ከዚያም እናንተ በገባችሁበት በር ለመግባት የሚጠብቀውን ሰው ጠይቁ። የእኩልነት መለኪያ የእርሱ መልስ ነው።