ያለቀ ዘንግ ልኩን አይናገርም፦ የምርት መረጃ ሞዴልና የአመራረት ሂደት ዕቅድ



በኮምፒውተር የተቀናጀ አመራረትና የምርት መረጃ ሞዴል ሲባል የአውሮፕላን ፋብሪካ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከሐብሩ የመስኖ ፓምፕ እጀምራለሁ።

በመርሳ ዙሪያ የአንድ ፓምፕ ዘንግ ሲበላ ባለቤቱ ያለቀውን ይዞ ወልድያ ቶርኖ ቤት ይመጣል። ባለሙያው በካሊፐር ለክቶ አምሳያውን ይቀርጻል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የ6205 ኩሽኔታ ውስጣዊ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውስጡ የሚገባው የዘንጉ ክፍል «ኬ6» በሚባለው የልክ መደብ ከተሠራ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ቢያንስ በ2፣ ቢበዛ በ15 ማይክሮን ነው። የተለመደው ካሊፐር ይህን አይለይም። በተበላው ዘንግ ላይ የምንለካውም ጉዳቱን ነው፤ በአዲሱም ላይ ጉዳቱን እንደግመዋለን። ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ ይዋልላል፤ ገበሬው ተመልሶ ይመጣል፤ ማሳው ግን አይጠብቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አይጌስ የሥዕልን መስመርና ገጽታ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ያሻግር ነበር፤ ትርጉሙ ግን ለአንባቢው ዓይን የተተወ ነበር። በ1984 ተጀምሮ በ1994 የመጀመሪያ ክፍሎቹ የታተሙት አይኤስኦ 10303፣ በተለምዶ ስቴፕ የሚባለው፣ ኤክስፕረስ በተሰኘ ቋንቋ እያንዳንዱን ነገር ከነዝምድናው ይገልጻል። 224ኛው ክፍል በተለይ ለአመራረት ሂደት ዕቅድ የታሰበ ነው። በዚህ ክፍል ኮምፒውተሩ የሚያየው እንዲሁ ሲሊንደር ሳይሆን «ቀዳዳ»፣ «ቦይ»፣ «የብሎን ጥርስ» ነው። ቀዳዳ መሆኑን ካወቀ ጥልቀቱንና የሚፈቀደውን የልክ ልዩነት አይቶ፣ መሰርሰር ብቻ ይበቃ እንደሆነ ወይም ማለስለስ ይከተል እንደሆነ ሊወስን ይችላል። ዕቅድ ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 242ኛው ክፍል ደግሞ ያንን ልዩነት ኮምፒውተር በሚረዳው መልክ ከቅርጹ ጋር አያይዞ ይይዛል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ማሽን በገንዘብ ይተካል። በአንድ ኮምፒውተር ወይም በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ብቻ የነበረ ልክ ግን በምን ይተካል?

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው ሌላ የእህል መውቂያ ከመንደፍ ይልቅ (መውቂያስ በቂ አለን) በሐብሩ የሚሠሩ ፓምፖችን ክፍሎች ይመዝግቡ። ልኩን ሲወስዱ ከኩሽኔታው ቁጥርና ካልተነካ መለዋወጫ ይነሡ እንጂ ከተበላው ክፍል አይነሡ። ፋይሉም ከአንድ በላይ ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፋይሉ ስቴፕ ስለተባለ ብቻ ሙሉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቅርጹ ብቻ ነው። በሌላ ፕሮግራም ከፍታችሁ የሚፈቀደው ልዩነት አብሮ መምጣቱን ሳታዩ አታስረክቡ። ለቶርኖ ቤቱ ከዚያው ፋይል አንድ ገጽ አትሙለት። ኮምፒውተር ባይኖረውም፣ ማይክሮሜትር ልናውሰው እንችላለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።