የምርምር ካርታና የጊዳ አያና በቆሎ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በመዝገብ ቤት በኩል ያላለፈ የመንግሥት ሠራተኛ የለምና በዚያ የሚደረገውን አንድ ነገር ላስታውስዎ። የአንድ ሰው ማኅደር ይውጣልኝ ሲሉ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ የአባቱን ስም ነው፤ ያም አልበቃ ሲል የአያቱን ስም ይጠይቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስትና አራት ሰዎች ሊገኙ ይችላሉና። ዛሬ የምናገረው ስለ ሊቃውንት ማኅበር ሆኖ ሳለ ከመዝገብ ቤት መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ተመራማሪዎች እነማን ከነማን ጋር እንደሚሠሩ፣ የምርምርም አዝማሚያ ወዴት እንደሚያዘነብል መመርመር ራሱን የቻለ ትምህርት ከሆነ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከትምህርቱ አባቶች አንዱ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ ናቸው። እኒህ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በ1900 ግድም በኬሚስትሪ ከሚወጣው ጽሑፍ ከመቶው ሰማንያ የሚበልጠው በአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ እንደ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ብቸኛው ጸሐፊ እየተመናመነ መሄዱን ቈጥረው አሳዩ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ1980 ብቸኛ ጸሐፊ ፈጽሞ ይጠፋል አሉ። አልጠፋም፤ ትንቢት በቍጥር ሲነገርም ይስታል። አቅጣጫውን ግን አልሳቱም። በ2015 የሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት ለክቶ የወጣው ጽሑፍ የ5,154 ሰዎች ስም ሰፍሮበታል፤ ከ33 ገጾቹም ውስጥ 24ቱ የስምና የአድራሻ ዝርዝር ነበሩ። የደመወዝ መክፈያ ፔሮል እንጂ የጥናት ጽሑፍ አይመስልም። በአገራችንም ቢሆን በአፋር ምድር ስለ ተገኘችው ስለ አርዲ በ2009 በአንድ ጊዜ የወጡትን 11 ጽሑፎች 47 ሰዎች ተባብረው ጽፈዋቸዋል፤ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃነ አስፋውም ከመካከላቸው ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ቈጠራ መሠረት የሆነው ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ ሰው በፊላደልፊያ ሆነው በ1964 ለሽያጭ ያቀረቡት የጥቅስ መዝገብ ነው። ሐሳቡን ያገኙት ከሕግ ሰዎች ዘንድ ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ ፍርድ ከተፈረደ በኋላ በየትኞቹ ፍርዶች እንደ ተጠቀሰ፣ በየትኞቹስ እንደ ተሻረ የሚከታተሉበት ከ1873 ጀምሮ የቆየ መዝገብ ነበራቸውና። ይህ ለኛ አገር ሰው እጅግም እንግዳ አይሆንም፤ የቅኔ መምህር ከማን እንደ ተቀበለ፣ መምህሩም ከማን እንደ ተማረ እየቈጠረ ወደ ላይ ይወጣል። የጋርፊልድ መዝገብ የጨመረው ወደ ታችም መቍጠርን ነው፤ ይኸውም እርስዎ ከጻፉ በኋላ በጽሑፍዎ ማን እንደ ተጠቀመበት ይነግርዎታል።

ካርታው እንዲህ ይሠራል። እያንዳንዱ ጸሐፊ በነጥብ ይመሰላል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ አብረው ቢጽፉ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል፤ ደጋግመው ቢጽፉ መስመሩ ይወፍራል። በሰዎች ፈንታ ቃላትን ያስቀመጡ እንደ ሆነ ደግሞ «በቆሎ» እና «ድርቅ» በየዓመቱ በስንት ጽሑፍ አብረው እንደ መጡ ይታያል፤ አዝማሚያ የሚባለውም ይህ ነው። በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ቫን ኤክና ዋልትማን በ2010 ያስተዋወቁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ሆኖ በሹማምንት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ደስ ያሰኛል፤ በጀትም ይመደብበታል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው።

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ወደ አንገር ሸለቆ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወደ ጊዳ አያና እንሂድ። ወረዳው በቆሎ ከሚያበቅሉት የወለጋ ወረዳዎች አንዱ ነው። በምሥራቅ ወለጋ ወይናደጋ ለብዙ ዓመታት ከተዘሩት ዘሮች መካከል ቢ ኤች 660 የሚባለው ድቅል በቆሎ ይገኛል። ይህ ዘር በ1993 የወጣው ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው፤ ቢ ኤች ማለትም ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው። ሦስት ወላጆች አሉት፤ ሁለቱ በኬንያ በኪታሌ ከተዘጋጀ ዘር የወጡ ሲሆኑ ሦስተኛው ኢኳዶር 573 ከሚባለው ከደቡብ አሜሪካ ከመጣው በቆሎ የተገኘ ነው። እንግዲህ ገበሬው ማሳ ላይ የቆመው አገዳ ራሱ ኢኳዶርን፣ ኪታሌንና ባኮን የሚያገናኝ የትብብር ካርታ ሆኖ ቆሟል።

በወረቀቱ ካርታ ላይ ይህን የሚያህል ነገር አይታይም። የበቆሎ ተመራማሪዎቻችን በ1992፣ በ2001ና በ2011 በአዲስ አበባ ሦስት አገር አቀፍ ጉባኤዎች አድርገው የጉባኤያቸውን ጽሑፎች በመጽሐፍ አሳትመዋል። የፈረንጁ መዝገብ ግን በይበልጥ የሚቈጥረው የታወቁ መጽሔቶችን ስለ ሆነ እንዲህ ያለው መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። በካርታው ላይ ባዶ ስፍራ ያየ ሹም «እዚህ የሠራ የለም» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት እንመለስ። የፈረንጁ መዝገብ የአባታችንን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይይዝና የራሳችንን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። በዚህም ምክንያት አባታቸው በቀለ የሆነ፣ ስማቸውም በአንድ ፊደል የሚጀምር አሥር ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያ ያልተወለደ ሰው ደግሞ በአፈር፣ በወባና በሕግ ጥናት የተካነ ሊቅ መስሎ በካርታው መካከል ይቀመጣል። በወለጋ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ። ጫላ የሚባል ተመራማሪ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጻፍ ስሙ በሲና በኤች ይጀምራል፤ በቁቤ ሲጻፍ በሲ ብቻ ጀምሮ ኤው ይደገማል። ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ቢፈርም አንዱ ሰው ሁለት ነጥብ ይሆናል፤ የትብብሩም መስመር ይበጠሳል። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ስሜ በሁለት አጻጻፍ ተይዞ ሁለት ማኅደር እንደ ተከፈተልኝ አስታውሳለሁ፤ አንደኛው ምስጋና ሌላው ማስጠንቀቂያ ይዞ ነበር። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል 16 አኀዝ ያለው ቍጥር ለተመራማሪዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሥራውም ከማኅደር ቍጥር አይለይም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ነጥቡ በካርታው ላይ የሚያርፈው ጥናቱ በተደረገበት ስፍራ ሳይሆን በጸሐፊው አድራሻ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህር በጊዳ አያና ሦስት ክረምት ጭቃ ረግጦ ቢመለስም ነጥቡ ነቀምቴ ላይ ያርፋል። ማሳውን ለሙከራ የሰጠው ገበሬና እርሱን ያግባባው የልማት ሠራተኛ ስማቸው ቢነሣ በመጨረሻው ገጽ በምስጋናው ሥር ነው፤ ምስጋናውን ደግሞ ካርታው አያነበውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጊዳ አያናና በኪረሙ በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ስለዚያ ዘመን የሚሣለው ካርታ በአንገር ሸለቆ ዙሪያ የሳሳ ሆኖ ቢገኝ፣ በጎ ሹም ሆይ፣ ጠያቂ ጠፍቶ ነው ወይስ መንገድ ተዘግቶ ብለው ይጠይቁ። ለዚህ መልሱን የሚያውቁት ዛሬም ክረምት በመጣ ቍጥር ዘር ከየት እንደሚያገኙ የሚጨነቁት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።